ፐርፕል ታንጉ አዲሱን ዓሣ መድረሻ አሳጣው፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ቤት ውስጥ 75 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ጎቢ እና አንድ ፐርፕል ታንግ (ሐምራዊ ቀለም ያለው ዓሣ) በሰላም ይኖሩበት ነበር። ባለፈው ሳምንት የሎው ታንግ (ቢጫውን ዓይነት) ገዝቼ ጨመርኩ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ፐርፕሉ እረፍት ነሳው፣ ጭራውን እያዞረ ይመታዋል፣ ክንፉን ቀዶታል፣ አሁን የሎው ታንጉ ከውሃ ማሞቂያው (ሂተሩ) ጀርባ ተወሽቆ ነው ሚውለው፣ ኖሪ (የደረቀ የባህር አልጌ) ብሰቅልለትም አይወጣም። የሸጠልኝ ሰው ተዋቸው ይለማመዳሉ አለኝ። ልታገስ ወይስ ላውጣው? ልጆቼ እያዩ በጣም እያዘኑ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ አትታገስ፣ ዛሬውኑ ለያቸው። ይለማመዳሉ ሚባለው እውነት ሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አዲስ ዓሣ ሲገባ አንድ ሁለት ቀን መባረሩ ያለ ነገር ነው፣ እኔ ግን ሁሌ ማየው አንድ ነገር ነው፣ ሚባረረው ዓሣ ይበላል ወይ? እየተባረረም ቢሆን ወጣ ብሎ ምግብ ሚለቅም ከሆነ ተስፋ አለው። ያንተ ግን ምግብ አቁሟል፣ ታንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አልጌ እየጋጠ ሚኖር ዓሣ ስለሆነ ረሃብ አይችልም፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። በዛ ላይ የተጨነቀ ዓሣ በሽታ መቋቋም ስለሚያቅተው ኢክ ምትሉት ነጭ ነጠብጣብ ይነሳበታል፣ ያኔ ችግሩ ያንድ ዓሣ መሆኑ ይቀርና የሁሉም ይሆናል።

ፐርፕሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርህ፣ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ፐርፕል ታንግ ከቀይ ባህር፣ ምጽዋና ዳህላክ ካሉበት ከዛው ባህር ሚመጣ ዓሣ ነው፣ የሎው ታንግ ደግሞ በብዛት ሚታወቀው በሃዋይ ነው፣ ግን ሁለቱም ዜብራሶማ ሚባል አንድ ወገን ናቸው። የሰውነታቸው ቅርፅ አንድ ነው፣ ምግባቸው አንድ ነው። ስለዚህ ፐርፕሉ ሲያየው የገዛ ምግቡንና የገዛ ድንጋዩን ሊቀማው የመጣ ነው ሚታየው። ክላውንፊሾቹንና ጎቢውን ዝም ያለው እኮ ከሱ ጋር ሚሻሙት ነገር ስለሌላቸው ነው። እና ደሞ ጭራቸው ስር ግራና ቀኝ ስለታም እሾህ ስላላቸው ያ ጭራ ማዞር ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም፣ ይቆርጣል።

አሁን ምታደርገው፦ ማውጣት ያለብህ ተደብዳቢውን ሳይሆን ደብዳቢውን ነው፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሎውን አውጥተህ ከሳምንት በኋላ ብትመልሰው ያው እንደገና አዲስ ገቢ ነው፣ ፐርፕሉ ግን ኳራንቲን ታንክ (ለብቻው ማቆያ) ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ እንግዳው እሱ ይሆናል፣ የሎው ደግሞ በዛ መሀል ተረጋግቶ መብላት ጀምሮ መደበቂያውን ለይቶ ይጠብቀዋል። ኳራንቲን ምናምን ስልህ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ፣ ሂተር፣ ቀድሞ ሲሰራ የቆየ የስፖንጅ ፊልተር (ማጣሪያ) እና ሚደበቅበት የፕላስቲክ ቱቦ ያለው ትርፍ ታንክ ይበቃል፣ ውሃው ግን አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ ሚመጣ መርዝ) እንዳይዝ በየቀኑ ለካ። ስታጠምደው በመረብ አታሯሩጠው፣ እሾሁ መረቡ ላይ ይያዝና ሲታገል ይጎዳል፣ አንተንም እጅህን ሊቆርጥህ ይችላል። አክሊሜሽን ቦክስ ሚባለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ግልጽ ሳጥን ታንኩ ውስጥ ስቀል፣ ኖሪ አስርበት፣ ራሱ ሲገባ በሩን ዝጋ። ትርፍ ታንክ ከሌለህ ደግሞ ፐርፕሉን እዛው ሳጥን ውስጥ አቆየው፣ በጣም ካልጠበበው ለጥቂት ቀን ይሆናል።

እሱ በሌለበት ድንጋዮቹን ቦታ ቀያይር። የድሮ ሰፈሩ ከጠፋበት ሚጠብቀው ነገር አይኖረውም፣ ግን አሸዋው ጥልቅ ከሆነ ብዙ አትቆፍር፣ ስሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ተነስቶ ውሃውን ያበላሸዋል፣ ኮራል ካለህም የብርሃን ቦታው እንዳይለወጥበት ተጠንቀቅ። ስትደረድር በሁለት በኩል መውጫ ያለው ዋሻ አድርግ፣ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ሚባረረው ዓሣ ታጉሮ ይደበደባል።

ፐርፕሉን ስትመልሰው ቀጥታ አትልቀቀው፣ መጀመሪያ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይተያዩ። በሳጥኑ በኩል ክንፉን ዘርግቶ ጭራውን ማዞር ሲያቆም፣ ያኔ መብራት ከጠፋ በኋላ ልቀቀው። በዛን ሰሞን ኖሪ በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለት በሶስት ቦታ፣ በታንኩ በዚህም በዛም ጫፍ ስቀል፣ አንዱን ሲጠብቅ ሌላው ይበላል። አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ትንሽ መስታወት ከውጭ በኩል ታንኩ ጫፍ ላይ ለጥፍ፣ ፐርፕሉ የራሱን መልክ ሲያይ ሌላ ታንግ የመጣ መስሎት እዛ ላይ ይጠመዳል፣ የሎው ትንሽ ይተነፍሳል። ከጥቂት ቀን በላይ ግን አትተወው፣ ለፐርፕሉም ጭንቀት ነው። ማታ ላይ የሎው ቀለሙ ደብዝዞ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ብታይ ደግሞ አትደንግጥ፣ ተመቶ አይደለም፣ ሲተኛ እንደዛ ነው ሚሆነው፣ ጠዋት ይመለሳል።

ይሄን ሁሉ ካልኩህ በኋላ ግን ልቤ ሚለውን ልንገርህ። 75 ጋሎን ማለት ርዝመቱ 4 ጫማ ነው፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለፐርፕል ታንግ ብቻውን እንኳን 6 ጫማ ነው ሚመክሩት፣ ገና እያደገም ይሄዳል። ዘንድሮ ቢስማሙ እንኳን ሲያድጉ እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ እኔ ብሆን የሎውን ትንሽ አገግሞ መብላት ሲጀምር ለሱቁ እመልሰዋለሁ ወይ ትልቅ ታንክ ላለው ሰው እሰጠዋለሁ። ለልጆቹም ለዓሣው ሰፊ ቤት አገኘንለት ብትላቸው ይገባቸዋል። ወደፊት ዓሣ ስትጨምር ደግሞ ጨዋዎቹን መጀመሪያ፣ አስቸጋሪዎቹን መጨረሻ፣ አሁን ታንክህ ውስጥ አስቸጋሪው ቀድሞ ስለገባ ሚጨመረው ዓሣ በቅርፅም በምግብም እሱን ማይመስል ይሁን።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው። ሁለት ኦሴላሪስ ክላውንፊሽ አሉኝ፣ ትልቋ ትንሹን እየነከሰች ታስቸግረዋለች፣ እሱ ደግሞ በጎኑ ዘንበል ብሎ እንደሚያንቀጠቅጠው ይሆናል። ታሞ ነው?

መልስ፦ አልታመመም እህቴ፣ እየተጣመሩ ነው። ክላውንፊሽ መጀመሪያ ወንድ ሆኖ ነው ሚያድገው፣ ከጥንዱ ትልቁ ሴት ይሆናል፣ ትንሹ ወንድ ሆኖ ይቀራል፣ ያ መንቀጥቀጥ አንቺ ነሽ አለቃ ማለቱ ነው። ከበላና ክንፉ ካልተቀደደ ተያቸው። ትንሹ ላይኛው ጥግ ላይ ተጣብቆ ሚውል ከሆነ ወይ ክንፉ ካለቀ ግን ለጊዜው ለያቸው። ሁለቱም አንድ አይነት ትልቅ ከሆኑ ሁለቱም ሴት ሆነው ሊሆን ይችላል፣ አንዴ ሴት የሆነ ደግሞ ወደ ወንድ አይመለስም፣ እንደዛ ከሆነ አንዷን መስጠት ነው እንጂ አብረው አይኖሩም። ሶስተኛ ክላውንፊሽ አምጥቶ መጨመር ይረዳል ሚሉሽን አትስሚ፣ ጥንዶቹ ተባብረው ነው ሚገድሉት።