የአይጥ ኦፒዮይድ ሪሴፕተር አንቲቦዲ ለጠየቅሽው፦ ያ ጥርት ያለ ባንድ ነው የሚያስፈራኝ

እህቴ፣ «በአይጥ አንጎል ውስጥ የሚዩ ኦፒዮይድ ሪሴፕተርን የሚያሳይ አንቲቦዲ ገዝቼ ዌስተርን ብሎት ሠራሁ፤ 45 ኪሎዳልተን ላይ ጥርት ያለ ባንድ አገኘሁ፤ ወደ ቀጣዩ ሥራ ልለፍ ወይ?» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን የድሮ የላቦራቶሪ ደብተር የገለጥኩ መሰለኝ። አትለፊ። እኔ አልፌ ስምንት ወር ከስሬአለሁ። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሚዩ ሞርፊንን የሚቀበል የሴል ፕሮቲን ነው፤ አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን መርጦ የሚይዝ ሞለኪውል ነው፤ ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በክብደት ለይቶ የተፈለገውን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ ነው፤ ባንድ የሚታየው መስመር፣ ኪሎዳልተን የክብደቱ መለኪያ ነው።)

1. ቁጥሩ አያታልልሽ። ፕሮቲኑ 398 አሚኖ አሲዶች ስላሉት በስሌት ወደ 44 ኪሎዳልተን ይመጣል፤ አንቺም እንደ እኔ «ልክ ነው» ብለሽ ተደስተሻል። ነገር ግን ሴሉ ስኳር ይለጥፍበታል። ስለዚህ እውነተኛው ሪሴፕተር ከ60 በላይ፣ ሰፋና ደብዘዝ ብሎ፣ እንደ ጭስ ተዘርግቶ ነው የሚታየው። ከሁለት የአንጎል ክፍሎች፣ ከስትራያተም የወጣውና ከታላመስ የወጣው እንኳ ጄሉ ላይ እኩል አይወርዱም። ስኳሩን ፒኤንጌዝ ኤፍ በተባለው ኢንዛይም ቁረጪው፤ ያ ጭስ ተሰብስቦ ወደ ታች ካልወረደ ያየሽው ሌላ ነገር ነው።

2. ናሙናውን አታፍዪ። ይህ ሪሴፕተር የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ፣ ውሃ የማይወድ ፕሮቲን ነው፤ በ95 ዲግሪ ሲፈላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከጄሉ አናት አይወርድም። 37 ዲግሪ ይበቃዋል። እኔ ለሌላው ፕሮቲን ሁሉ እንደማደርገው አምስት አምስት ደቂቃ ሳፈላ ከረምኩ። የምፈልገው ላይ ተቀርቅሮ፣ የማልፈልገው ታች ደምቆ ይስቅብኝ ነበር።

3. ሦስተኛው አንቲቦዲውን ስለሸጠልኝ ድርጅት ነው፤ እዚህ ላይ ስለምናደድ ታገሺኝ። መግለጫ ወረቀቱ ላይ ያለው ያማረ ምስል የራት (የትልቁ አይጥ) እንጂ እኛ የምንሠራበት የማውስ (የትንሿ አይጥ) አልነበረም። በአማርኛ ሁለቱም አይጥ ናቸውና ለተማሪዎቼ ስናገር እንኳ አላስተዋልኩትም። «ጂኑ በጠፋባቸው አይጦች ላይ ሞክራችሁታል ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ አንቲቦዲው የተሠራበትን ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ስንጨምርበት ባንዱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ትክክለኛ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ! አፉ የተሞላ ውሻ ሌባውንም ባለቤቱንም አይነክስም፤ ስላልነከሰ ግን ሌባውን ያውቀዋል አይባልም። ፔፕታይዱ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ትስስር እኩል ይዘጋል። ይህን አብራርቼ ብጽፍ «የተጠቃሚ የአሠራር ስህተት ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የእኛው ግዢ ክፍል ደግሞ የተከፈተ ብልቃጥ አይመለስም ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

የሚዩ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ከ1996 ጀምሮ አሉ። እኔ ግን ያሰብኳቸው በመጨረሻ ነው፤ ስህተቴም ይኸው ነው። ከሌላ ላቦራቶሪ ለምኜ አንድ አንጎል በደረቅ በረዶ ተልኮልኝ መጣ። ግራ ጤነኛዋን፣ ቀኝ ጂኑ የሌላትን አድርጌ ጫንኩ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ መጀመሪያ የደመቀው የቀኙ ነበር። እዚያው 45 ላይ፣ ሪሴፕተሩ ጭራሽ በሌለበት። የቱቦዎቹን ቁጥር ሦስት ጊዜ አየሁ፤ አልተምታቱም። ያን ዕለት ሁለት ምስሎችና አንድ ሙሉ የጉባኤ ፖስተር ቅርጫት ገቡ።

በኋላ የሠራልኝ ከጥንቸል የተገኘው ሞኖክሎናል (ሁሉም ቅጂው አንድ ዓይነት የሆነ) አንቲቦዲ፣ ዩኤምቢ 3 የሚሉት ነው። ስትራያተም ውስጥ ደሴት ደሴት የመሰሉት ነጠብጣቦች፣ ሚዲያል ሃቤኑላ የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ የአከርካሪ ገመዱ የጀርባ ቀንድ ላዩ ክፍል፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ወጡ፤ ጂኑ የሌላት አይጥ ጨለማ ሆነች። ያ ጨለማ ምስል እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተለጥፏል፤ ከምኮራባቸው ሥራዎቼ አንዱ እሱ ነው። ሆኖም የሚይዘው የፕሮቲኑን የመጨረሻ ጫፍ ስለሆነ ጫፋቸው የተለየ የሪሴፕተሩ ዝርያዎች ያመልጡታል።

ከማውስ የተሠራ አንቲቦዲ ለማውስ ሥጋ አትግዢ፤ ሁለተኛው (የመጀመሪያውን ይዞ እንዲታይ የሚያደርገው) አንቲቦዲ የእንስሳዋን የራሷን አንቲቦዲዎች ይዞ 50 እና 25 ላይ ባንድ ያወጣልሻል። ዴልታ ወደሚባለው ሌላው የኦፒዮይድ ሪሴፕተር ልትሻገሪ ካሰብሽ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ብዙዎች አንቲቦዲውን ትተው ሪሴፕተሩ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርገው የተፈጠሩትን አይጦች ይጠቀማሉ። ጥያቄሽ «የትኞቹ ሴሎች ይሠሩታል?» ብቻ ከሆነ አርኤንኤውን (ሴሉ ፕሮቲኑን የሚሠራበትን የጂን ቅጂ) ማየት ይቀላል፤ ፕሮቲኑ የት እንደ ደረሰ ግን አያሳይሽም።

ጂኑ የሌላት አይጥ ከየት ላምጣ እንደምትዪ አውቃለሁ። ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ሦስት አንጎሎች ቀርተውኛል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የተቋምሽን ፈቃድ ከጨረስሽ አንዱን እልክልሻለሁ። አደራ፣ ማፍላት የለም።