ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

ጥያቄ፦ ክረምቱ ሲወጣ ከልጄ ጋር ወደ እንጦጦ ወጣ እንላለን። ሜዳው በቢጫ አበባ ተሸፍኖ ስታይ «እማ፣ ይሄ ሁሉ አደይ ነው?» ትለኛለች። አዎ ብዬ አልፋለሁ፤ ግን አበቦቹ አንድ ዓይነት አይመስሉኝም። ጥዱንም የሐበሻ፣ የፈረንጅ ሲሉ እሰማለሁ፣ መለየት ግን አልቻልኩም። ምኑን ልይ?
(እናት፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ልክ ጠርጥረዋል እህቴ፣ ሁሉም አደይ አይደለም። አበባውን ለጊዜው ይተዉትና ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ይዩ። የአደይ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል ብጥስጥስ ያለ ነው። ከአደይ ጋር አብሮ የሚያብብና ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ በብዙ ቦታ መጭ የሚሉት አበባ አለ፤ የኑግ ዘመድ ነው፣ ንብ ደግሞ በጣም ትወደዋለች። የመጭ ቅጠል አልተበጣጠሰም። ረዘም ብሎ ጫፉ ሾል ይላል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አገዳው ላይ ልጥፍ ይላል፣ ሲዳስሱት ደግሞ ይሻክራል። ልጅዎ ሁለቱን በጣቷ ትዳስሳቸው፤ ከዚያ በኋላ እርስዎን አትጠይቅም።

ከሜዳ ሲመለሱ ቀሚስ ላይ ተሰክቶ የሚመጣው ጥቁር መርፌ መሳይ ፍሬስ? እሱ የጭጎጎት ነው፣ የሰይጣን መርፌም ይሉታል። የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ቢደንስ በሚባል ወገን ውስጥ ነው የሚመድባቸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት፦ አደይን ከነሥሩ አትንቀሉት። ዘር ሳይጥል የተነቀለ አደይ ለከርሞ የሚተካው የለውም። ለቤት ካማራችሁ ጥቂት ዘለላ ቀንጥሳችሁ ሌላውን ተዉት።

ወደ ጥዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ፍሬው ነው የሚለየው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ብናኝ ስላለው በጣት ሲያሹት ይለቃል። የፈረንጁ፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ማለት ነው፣ ፍሬው ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ያፈሳል። ታዲያ የሐበሻው ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ስለሆነ አንዱ ላይ ፍሬ ቢያጡ ተስፋ አይቁረጡ፣ አጠገቡ ያለውን ይዩ። ትልልቆቹን የሐበሻ ጥዶች ማየት ከፈለጉ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ይሂዱ፣ በየአጥሩ ዳር ተሰልፎ የሚያዩት አብዛኛው የፈረንጁ ነው።

ልጅ ይዘው ሲወጡ ግን ከአደይም ከጥድም በፊት ሁለት ነገር ያሳዩአት። አንዱ ሳማ ነው፤ ለእሱ አንዴ ከነካት ማስታወሻ አያስፈልጋትም። ሌላው አስታናግር ነው፣ ረዥም ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው፣ መንገድ ዳርና ቆሻሻ ቦታ የሚበቅል። ዘሩ መርዝ ነው፤ ወደ አፏ እንዳታስጠጋው አደራ።