ስሙ ቢቀየርም ልጁ ይታወቃል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአንድ መንደር የመጡ ናቸው። በትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ ኮንፈረንስ ላይ የራሳቸውን ጥናት ለማቅረብ ከሚዘጋጁ ሰዎች።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጥናቷ ተቀባይነት ቢያገኝም «በፖስተር አቅርቢ» (ጥናትሽን በትልቅ ወረቀት አሳትመሽ፣ አጠገቡ ቆመሽ አስረጂ) ስለተባለች ከፍቷታል። «ዝቅ አድርገውኝ ይሆን?» ትላለች።

ኧረ በጭራሽ! መድረክ ላይ ሩብ ሰዓት ታወሪያለሽ፣ ሁለት ሰው ይጠይቅሻል፣ አለቀ። ፖስተርሽ ፊት ግን ያንቺኑ ጉዳይ ከያዘ ሰው ጋር በደንብ ትወያያለሽ። ብቻ ጽሑፍ አታብዢበት። ዋናውን ግኝት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በትልቁ ጻፊው። ሁለት ሜትር ርቀሽ ማንበብ ካቃተሽ ፊደሉ አንሷል። ኤ ዜሮ (84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር) የተለመደ መጠን ነው፤ ግን ሳታሳትሚ አዘጋጆቹን ጠይቂ።

ለ15 ደቂቃ ስንት ስላይድ ይበቃል?

አሥር ገደማ።

አንድ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የነበረን ተማሪ ዓመት ሙሉ ረድተው መልሰውታል። ታሪኩን በጥናት መልክ ሊያቀርቡ ነው። «ስሙን ቀይሬያለሁ፤ ወላጆቹም ምክር ሲጀምር ፈርመዋል። ይበቃል አይደል?» ይላሉ።

አይበቃም። ወላጆቹ የፈረሙት ልጃቸው እንዲረዳ እንጂ ታሪኩ አዳራሽ ውስጥ እንዲነገር አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁ ፈቃዶች ናቸው። የልጁም እሺታ ያስፈልጋል። እምቢ ቢል እርዳታው እንደማይቋረጥበት ማወቅ አለበት። ልጁ ደግሞ እርስዎን ይወድዎታል፤ ፊት ለፊት እምቢ ሊልዎት ይከብደዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው ይጠይቀው።

ስም ስለመቀየሩ አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። አቅራቢዋ አንዲት ተማሪ የሣለችውን ሥዕል በስላይድ አሳየችን፦ በር የሌለው ቤት። ስሟ የለም። ዕድሜዋ፣ ክፍሏና በዚያው ዓመት ወንድሟን ማጣቷ ግን ተጽፏል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አስተምሬያታለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። እንዲህ ዓይነት አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጡት እኮ የአጎራባች ትምህርት ቤት ባልደረቦችና የቀድሞ መምህራን ናቸው። ዝርዝሮች ሲደመሩ ስም ይሆናሉ። ለግኝቱ የማያስፈልገውን ሁሉ ያውጡት።

ሌላም አለ። ልጁ መመለሱ በእርስዎ ሥራ ምክንያት መሆኑን በምን ያሳያሉ? ከመጀመርዎ በፊት መቅረቱን ደጋግመው መዝግበው ከሆነ ጥሩ መነሻ አለዎት። ካልመዘገቡ የሚናገሩትን በልኩ ያድርጉት።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሂዱ። አደራ፣ አብስትራክቱን (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) ከመላክዎ በፊት ይሁን። ኮሚቴው «አይሆንም» ካለ ይተዉት። እርስዎ ሌላ ጥናት ያገኛሉ፤ የልጁ ምስጢር አንዴ ከወጣ አይመለስም።

«ፒ 0.07 ወጣብኝ። 0.05 እስኪደርስ ሌላ ትንተና ልሞክር?»

ተው! (ፒ ማለት እውነተኛ ለውጥ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው፤ በተለምዶ ከ0.05 በታች እንዲሆን ይፈለጋል።) እስኪሳካ የተሞከረ ትንተና ግኝት አይደለም። ያገኘኸውን እንዳለ አቅርብ። የለውጡን መጠንና ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል አሳይ፤ ናሙናህ ትንሽ ከሆነም በግልጽ ተናገር። ለቀሪው ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው አማክር።

«ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል» የምትል አንባቢም አለች።

አይዞሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃልሽ ያዢ፤ ከዚያ በኋላ ይቀልሻል። ጮክ ብለሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ ሰው አስቀምጠሽ ተለማመጂ። ነገር ግን «ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ» ያልሽው አሳስቦኛል። የሙያው ሰው ብትሆኚም ራስሽን ልታክሚ አትሞክሪ። በዚህ ሳምንት ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዢ።

ስላይዱን በኢሜይል ልላክ ወይስ በፍላሽ ልያዝ?

ሁለቱንም።