ሙክቱ የሚያምጠው ሽንቱን ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ለበዓል ገበያ በግ ገዝቼ እቤት አስሬ አደልባለሁ። ድርቆሽ ስለተወደደብኝ በብዛት የምሰጣቸው ከዱቄት ፋብሪካ የማመጣውን ፉርሽካ ነው። በቅርቡ አንዱ ሙክት እግሩን ፈርከክ አድርጎ፣ ጭራውን እያወራጨ ማማጥ ጀመረ። ጎረቤት ተሰብስቦ "ድርቀት ነው" ስላለ ዘይት ጋትነው። በማግስቱ ማማጡን ሲተው ተሻለው ብለን ደስ አለን። ከዚያ ሆዱ ከታች እየተነፋ ሄዶ ሞተ። ሲከፈት ውስጡ ውሃ ሞልቷል። የቀሩትን ምን ላድርጋቸው? (ት.)

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ያዩት ውሃ ሽንት ነው። በጉ የሞተው መውጫው በጠጠር ተዘግቶ የሽንት ፊኛው ፈንድቶ ነው እንጂ በድርቀት አይደለም።

በዓል ሲቃረብ እንዲህ የሆነ ሙክት ወደ ክሊኒክ ይመጣል። አብዛኛው ታዲያ ዘይት ተግቶ፣ ቀን ባክኖበት ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት።

ኩላሊት ደምን አጣርቶ ሽንት ይሠራል። ሽንቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል፤ ከፊኛ ደግሞ በአንድ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። የሴቷ በግ መውጫ አጭርና ሰፋ ያለ ስለሆነ ጠጠር ቢኖርም ብዙ ጊዜ ከሽንቱ ጋር ይወጣል። የወንዱ ግን ረጅምና ጠባብ ነው። መሃል ላይ ይታጠፍና ተመልሶ ይታጠፋል። ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ጭራ መሳይ ነገር አለችው። ሽንቱ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ጠጠር በአብዛኛው የሚሰነቀረው እዚያች ውስጥ ወይም እጥፋቱ ጋ ነው። ገና በግልገልነቱ የተኮላሸ በግ ደግሞ ቱቦው በደንብ ሳይሰፋ ይቀራል።

ጠጠሩ ከየት መጣ? ከፉርሽካው ነው። የስንዴ ፉርሽካ ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ፎስፈረስ አለው። ካልሲየሙ ግን የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ለበግ የሚስማማው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ካልሲየሙ የፎስፈረሱ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሌላም ነገር አለ። በግ ድርቆሽና ገለባ ሲያመሰኳ ብዙ ምራቅ ያመነጫል። ትርፍ ፎስፈረሱም በምራቁ ወደ ጨጓራ ተመልሶ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። ፉርሽካ ግን ብዙ አያስመሰኳም። ምራቁ ያንሳል፣ ፎስፈረሱም መንገዱን ወደ ሽንት ያዞራል። እዚያ ከማግኒዥየምና ከአሞኒየም ጋር ተያይዞ አሸዋ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጠዋት ውሃው በረዶ ነው። በግ እንዲህ ያለ ውሃ ብዙ አይጠጣም፤ ሽንቱም ይወፍራል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። በግ ሲያምጥ ካዩ በጠጡን ከመመርመርዎ በፊት ሽንቱን ይመልከቱ። በግ ከተኛበት ሲያስነሱት አብዛኛውን ጊዜ ይሸናል። ያስነሱትና ይጠብቁ። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ ወይም ጨርሶ ካልመጣ፣ ከሆዱ በታች ብልቱ ጫፍ ላይ ያለውን ፀጉር ይዩ። ደርቆ ነጭ አሸዋ መሳይ ነገር ተጣብቆበት ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልጉ። በዚያው ቀን ሐኪም ይጥሩ። ዘይት አይጋቱት። በግድ ውሃም አይጋቱት። "ሽንት የሚያሸና መርፌ ውጉልኝ" አይበሉ። መውጫው ተዘግቶ ሳለ ሽንት ማብዛት ፊኛውን ቶሎ ማፈንዳት ነው።

ሐኪሙ በጉን በቂጡ አስቀምጦ ብልቱን ያወጣና ያቺን ክር መሳይ ጫፍ ያያል። ጠጠሩ እሷ ውስጥ ከሆነ ቆርጦ ይጥላታል። በጉን አይጎዳውም። እዚያው ፊትዎ ሽንቱ ሲፈስ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! ጠጠሩ ወደ ውስጥ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ለሥጋ ለሚደልብ በግ ያ ካላዋጣዎት፣ ፊኛው ሳይፈነዳ ባለሙያ አማክሮ በጊዜ ማረድ ይሻላል። ሽንቱ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ ሥጋው ሽንት ሽንት ይሸታል፤ መበላትም የለበትም።

ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። መውጫው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ፊኛው ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ውጥረቱ ይለቃል፤ እንስሳውም ለጥቂት ሰዓት ጋብ ይልለታል። የእርስዎ በግ ማማጡን የተወው ለዚህ ነው። ሳይሸና ማማጡን የተወ በግ አልተሻለውም።

የቀሩትን ማዳን ይቻላል። ከዛሬ ጀምረው ፉርሽካውን ይቀንሱና ድርቆሽ ወይም ገለባ ዋና መኖ ያድርጉ። ድርቆሽ ከተወደደ የባቄላና የአተር ገለባ ይፈልጉ፤ በእናንተ አገር አይጠፋም። ካልሲየሙም ከስንዴና ከገብስ ገለባ የተሻለ ነው። አልፋልፋ ካገኙ ደግሞ እሰየው። ፋጉሎ በፉርሽካው ምትክ አይሆንም፤ እሱም ፎስፈረስ አለው። በ100 ኪሎ የተደባለቀ መኖ 1 ኪሎ ጨው ይጨምሩ፣ ውሃ እንዲጠጡ ያደርጋል። ውሃው ከፊታቸው አይጥፋ፤ ጠዋት ለብ አድርገው ይስጧቸው። ለመኖ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄትም አለ። ልኩን የወረዳችሁ የእንስሳት ባለሙያ ይንገርዎት፤ የግንባታ ኖራ ግን እንዳይሰጡ።

ጥያቄ፦ የውጭ ዝርያ የተዳቀለች ላም ከደጋ ገዝቼ ወደ ባሕር ዳር አምጥቼ ነበር። ከሰሞኑ ሽንቷ ቀይ ሆነ። መብላትም ቀነሰች። የኩላሊት በሽታ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀይ ሽንት ሁሉ የኩላሊት አይደለም። ሽንቷን በብርጭቆ ይቀበሉና ለአንድ ሁለት ሰዓት ሳይነኩ ያቁሙት። ቀዩ ነገር ከታች ዘቅጦ ላዩ ከጠራ፣ ከኩላሊት ወይም ከፊኛ የሚወጣ ደም ነው። ሁሉም እኩል ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀረ ግን ቀይ የደም ሴሎች እዚያው ደም ሥር ውስጥ እየፈረሱ ነው።

እኔ በእርስዎ ላም መጀመሪያ የምጠረጥረው ባቤዥያን ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው ተውሳክ ነው። መዥገር ከማይበዛበት ደጋ የመጣች ትልቅ ላም አዲስ ቦታ ስትደርስ ክፉኛ ይይዛታል፤ የውጭ ደም ያላት ደግሞ ይብሳታል። ጡቷ አካባቢና ብብቷ ሥር መዥገር ይፈልጉ። የዓይኗን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ይዩ፤ ነጥቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ካለፈ እስከ ነገ አይቆዩ። መድኃኒት አለው፤ ቀድሞ ከተሰጠ ላሟ ትነሳለች። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታም ሽንትን ያቀላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ምርመራው እስኪታወቅ ሽንቷን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ወተቷንም ሳይፈላ ማንም አይጠጣ።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረሴ ሽንት ድፍርስና ዝልግልግ ነው። ላሳክመው ልውሰደው? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ የፈረስ ሽንት ተፈጥሮው ነው። የካልሲየም ደቃቅና ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ አለበት። እየበላና እየሠራ ከሆነ አይጨነቁ። ግን እህል እየበላ ቀናት አርፎ ወደ ሥራ ሲመለስ ጡንቻው ደርቆ፣ አልቦት ቢቆምና ሽንቱ ቡና ቢመስል፣ ጋሪውን እዚያው ይፍቱና ሐኪም ይጥሩ። ጎትተው አያስኬዱት። ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣው ቀለም ኩላሊቱን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንዱ ድመታችን ሽንቱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት በቱቦ ከፈቱለት። ብዙ ገንዘብ ወጣ። ተመልሶ እንዳይመጣ ምን ላድርግ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እንኳን ተረፈ። የወንድ ድመት ቱቦም ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ነው። ደረቅ ምግቡን ቀንሰው የታሸገውን እርጥብ ምግብ ያብዙለት። ሐኪሙ ለሽንት ብሎ ያዘዘለት ምግብ ካለ በሌላ አይቀይሩበት። ውሃ በሁለት ሦስት ቦታ ያስቀምጡለት። የሚሸናበትን ሣጥን በየቀኑ ያጽዱ፣ ስንት ጊዜ እንደሸናም ይዩ። እየተመላለሰ ገብቶ ምንም ሳይሸና ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።