የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የገናን ስም ማሳጠር ነውር ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣው ወረቀት ላይ የፈረንጆቹ ገና «ኤክስማስ» ተብሎ በአጭሩ ተጽፏል። የክርስቶስ ስም መኖር በነበረበት ቦታ ኤክስ የሚባለው ፊደል ብቻ ቆሟል። ጎረቤቶቼ «ስሙን ለማጥፋት ሆን ብለው ያመጡት ነው» ይላሉ። እውነት ነው? እኛስ ለማኅበራችን የበዓል ጥሪ ስንጽፍ የትኛውን ስም እንጠቀም?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ስሙ እዚያው አለ፤ የተጻፈው ግን በግሪክ ነው። ያ ፊደል መነሻው የላቲኑ ኤክስ ሳይሆን «ኺ» የሚባለው የግሪክ ፊደል ነው። ሁለቱም በሰያፍ መስመሮች የተሠሩ ስለሆኑ መልካቸው አንድ ነው፤ ድምፃቸው ግን ለየቅል ነው። የግሪኩ «ክርስቶስ»፣ ትርጉሙም «የተቀባ» ማለት ነው፣ የሚጀምረው በዚህ ፊደል ነው።

የጥንት ክርስቲያን ጸሐፍት «እግዚአብሔር»፣ «ጌታ»፣ «ኢየሱስ»፣ «ክርስቶስ» የሚሉትን ቃላት በግሪክ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ያስቀምጡና ከላያቸው አግድም መስመር ያሰምሩ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው በታዋቂው የሲና መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይህን ማየት ይቻላል። ብራና ለመቆጠብ እንዳይባል፣ ከነዚህ የሚረዝሙ ተራ ቃላት እዚያው ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጻፋሉ። ማሳጠሩ ስሙን ከሌላው ቃል ለይቶ ማክበሪያ ነበር። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ312 ዓ.ም (እ.ኤ.አ) ካደረገው ጦርነት በኋላ ከዓርማው ጋር ተያይዞ የታወቀው ምልክትም የዚሁ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደሎች፣ ኺ እና ሮ፣ ተደራርበው የተሠራ ነው።

እንግሊዞች በዓሉን የሚጠሩበት ሙሉ ስም «የክርስቶስ ቅዳሴ» ማለት ነው፤ «ማስ» የሚለው መጨረሻ ቅዳሴን ያመለክታል። የእንግሊዝ መነኮሳት ግሪኩን አሳጥሮ መጻፍ ስለለመዱ በ1100 (እ.ኤ.አ) ገደማ በነበረው የእንግሊዝ ዜና መዋዕል ላይ የክርስቶስን ስም በግሪክ ፊደሎች አሳጥረው «ቅዳሴ»ን ቀጠሉበት። ዛሬ ወደምናየው የቀረበ መልክ የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጥርጣሬውን ያመጣው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ በላይ የነበረው መስመር ቀረ፣ ግሪክ የሚያነበው ሰው አነሰ፣ አንባቢውም ፊደሉን በእንግሊዝኛ ስሙ «ኤክስ» ብሎ ይጠራው ጀመር። ኤክስ ደግሞ በትምህርት ቤት ያልታወቀ ቁጥር፣ በፈተና ወረቀት ላይ የስሕተት ምልክት ነው። ጎረቤቶችዎ ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

እኛን ይበልጥ የሚከብደን የራሳችን ልማድ ሌላ ስለሆነ ይመስለናል። የግእዝ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ቅዱሱን ስም አያሳጥሩም፤ ሙሉውን በቀይ ቀለም ይጽፉታል። በዘመናችንም ገ/ክርስቶስ፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ገብርኤል ስንል የሚያጥረው «ገብረ»፣ «ኃይለ»፣ «ወልደ» ነው እንጂ ስሙ አይነካም። ማሳጠር ግን በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። በግእዝ ብራናዎች ላይ «እስራኤል» አንዳንዴ «፳ኤል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሃያ በግእዝ «ዕሥራ» ስለሆነ። «ቤ/ክ» ብለን ስንጽፍስ ክርስቶስ ያለበትን ቃል በአንድ «ክ» አስቀርተነው የለም? ያንን አይቶ ስሙን ለማጥፋት ነው ያለ ሰው አልሰማንም።

ወደ ጥሪው ስንመጣ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው። በአማርኛ «ኤክስማስ» ብላችሁ አትጻፉ። የግሪኩ ፊደል ስሙን የሚይዘው በመልኩ ነው፤ ወደ ፊደላችን ሲገለበጥ መልኩ ቀርቶ የእንግሊዝኛ ድምፁ ብቻ ይመጣል፣ ያኔ ክርስቶስ በእርግጥ ከቃሉ ይወጣል። የፈረንጆቹን በዓል ለማለት «ክሪስማስ»፣ የራሳችንን ለማለት «ገና» ወይም «ልደት» በቂ ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን ለጥሪ ሙሉውን ስም ተጠቀሙ፤ አጭሩ ለማስታወሻና ለጠባብ ቦታ የሚሆን ነው። አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት የአጻጻፍ መመሪያም አጭሩን አይፈቅድም። ልጅዎ አጭሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ ግን «ክሪስማስ» ቢለው ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ «ገና» እና «ልደት» አንድ ናቸው? በጥሪው ላይ የቱ ይቅደም?

መልስ፦ በዓሉ አንድ ነው። «ልደት» የግእዝ ቃል ሲሆን የቤተ ክርስቲያን አጠራር ነው፤ «ገና»ን ሊቃውንት ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ያገናኙታል። ሲነገር «ና» ይጠብቃል። ላልቶ ከተነበበ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ይሆናል፤ ፊደላችን ማጥበቂያ ስለሌለው ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጥሪው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ» ብላችሁ ጀምሩ፣ የጨዋታና የግብዣ ከሆነ «ገና» ይበቃል።

ቀኑን ስትጽፉ ደግሞ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል አትርሱ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ የሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ስለሚገፋ ነው። በ2016 ዓ.ም እንዲህ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።