ሌንሴ ውስጡን ላብ ያዘው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ብርዱ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ወፎች ሳነሳ ቆየሁ። ቤት ገብቼ ካሜራውን ከቦርሳ እንዳወጣሁት ሌንሱ ዓይኔ እያየ ጭጋግ ለበሰ። የውጩን በጨርቅ ጠረግኩት፤ የውስጡ ግን እዚያው ነው። ወንድሜ በፀጉር ማድረቂያ ይደርቃል አለኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሩዝ ውስጥ ይቀበር ትላለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጭጋጉ ሳስቷል፣ ጠርዙ አካባቢ ግን ነጣ ያለ ነገር ይታየኛል። ዓመት ሙሉ ቆጥቤ የገዛሁት የዙም ሌንስ ነው። አለቀለት ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀለትም። የፀጉር ማድረቂያውን ግን እባክዎ ያርቁት። በጭጋግ ከተበላሸ ሌንስ ይልቅ ጭጋጉን ቶሎ ለማጥፋት ሲባል የተበላሸ ሌንስ ነው በብዛት ያየሁት።

በመጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን መሸከም ይችላል። 5 ዲግሪ ላይ ግን አቅሙ 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሌንስዎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርድ ሲጠጣ ቆይቷል፤ የቤቱ ሞቃት አየር ሲነካው ቀዘቀዘና መሸከም ያቃተውን ውሃ መስተዋቱ ላይ ጣለው። ውስጥ ድረስ እንዴት ዘለቀ ቢሉ፣ የዙም ሌንስ በረዘመና ባጠረ ቁጥር እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። ምናልባት ቤት ገብተው ምን እንደሆነ ለማየት ዙሙን ወዲያ ወዲህ አዙረውት ይሆናል። አሁን ዙሙንም ፎከሱንም አይንኩ።

የፀጉር ማድረቂያ ሙቀት የፎከስ ቀለበቱ የሚዞርበትን ቅባት ያቀጥነዋል። የቀጠነው ቅባት ይፈስና የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ የሚያሰፉና የሚያጠቡ የአፐርቸሩ ስስ ስስ ምላሶች ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ምላሶቹ ይጣበቃሉ። ከውስጥ ካሉት መስተዋቶችም ጥንድ ጥንድ ሆነው በማጣበቂያ የተያያዙ አሉ፤ ድንገተኛ ሙቀት ሊያላቅቃቸው ይችላል። ጤዛውም ቢሆን ከፊተኛው መስተዋት ይነሳና ገና ያልሞቀው የኋለኛው ላይ ሄዶ ያርፋል። ሩዙ ደግሞ ብናኙን ሌንሱ ላይ ከማራገፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም።

እንዲህ ያድርጉ። ካሜራውን ያጥፉ፣ ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፣ ሌንሱን ከካሜራው ይፍቱ። ክዳኑ ግጥም የሚል፣ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ያዘጋጁና ሌንሱን የፊትም የኋላም ክዳኑን አንስተው ያስቀምጡበት። አጠገቡ ሲሊካ ጄል የሚባለውን እርጥበት መጣጭ እንክብል ያድርጉ፤ እንክብሎቹ ብናኝ ስላላቸው በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይቋጠሩ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸው ትንንሽ ከረጢቶች ብዙውን ጊዜ እስኪደርሱን ድረስ እርጥበት ጠጥተው ጠግበዋል፤ አይመኑባቸው። ቀለሙ የሚለወጠው ዓይነት ይሻላል፦ ብርቱካናማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ 120 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቆይ ደርቆ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ዕቃውን ሁለት ቀን አይክፈቱት። ካልጠራ ሲሊካ ጄሉን ቀይረው ሌላ ሁለት ቀን ይጨምሩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ወደ ነጩ ነገር ልምጣ። ክፍሉን ያጨልሙ፣ የእጅ ባትሪ በሌንሱ ኋላ ያብሩና ከፊት በኩል ቀጥታ ሳይሆን በጎን አዘንብለው ይመልከቱ። ክብ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ ከቀን ቀን እያነሰ ከሄደ ውሃ ነው። ጠርዙ እንደ ቀለበት ደምቆ መሐሉ የሳሳ ከሆነ ውሃው ደርቆ የተወው እድፍ ነው፤ በፎቶው ላይ እምብዛም አይታወቅም። ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ሥር እየተቀጣጠለ ወደ መሐል የሚሄድ ቀጭን ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነው፣ እሱም በሦስት ቀን የበቀለ ሳይሆን የቆየ ነው።

እኔ ያን ክር አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዬን 50 ሚሊሜትር ሌንስ በቆዳ ማኅደሩ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ የዝናቡን ወራት በሙሉ ሳልነካው ቀረሁ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ጨለማው ተጨመረበት። ሳወጣው ሁለተኛው መስተዋት ላይ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ተዘርግቷል። ጠጋኙ ፈትቶ ክሩን አጸዳልኝ፤ ክሩ የነበረበት መንገድ ግን ቀረ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አሲድ የመስተዋቱን ሽፋን በልቶት ነበር። ዛሬም ወደ ብርሃን ሳዞረው ያ ጠባሳ ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል፤ ያኔ አንድ ሲሊካ ጄል አስገብቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ስለዚህ ክር ካዩ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ፀሐይ ላይ አስጥተው ላድን አይበሉ፤ ብርሃኑ ሻጋታውን ቢገድለውም ከመስተዋቱ አያነሳውም፣ ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ እሳት እንደሚያስነሳም አይርሱ።

ለሚቀጥለው ማለዳ፦ ከብርዱ ሳይገቡ እዚያው ደጅ ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፣ ካሜራውን ከነሌንሱ ቀዳዳ የሌለው ፌስታል ውስጥ ያስገቡ፣ አየሩን ጨምቀው አጥብቀው ይቋጥሩት። ቤት ሲገቡ ጤዛው በፌስታሉ ውጭ ላይ ሲንጠባጠብ ያያሉ፤ ሌንሱ ላይ ሊያርፍ የነበረው ውሃ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ አይፍቱት። ማስቀመጫው ውስጥም ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ያኑሩ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው፣ ከ60 ካለፈ ሻጋታው እየተመቸው ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ሌንስ ዝናብ እንዳያስገባ በጎማ የታሸገ ነው። እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ አዎ። ጎማው ነጠብጣብ ይከለክላል፣ የውሃ ተን ግን ከአየር ጋር ይገባል፤ ከገባም በኋላ መውጫው ስለሚጠብ ለመድረቅ ካልታሸገው ይልቅ ሊዘገይ ይችላል። ቀኑን ጨምሩለት። የባሕር ውሃ ከነካው ግን ሲሊካ ጄልም ፌስታልም አይጠቅሙም፤ ውሃው ቢደርቅ ጨው ይቀራል፣ ጨው ብረቱንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ይበላል። በዚያው ቀን ለጠጋኝ ይስጡት።