ስለ ካታጎሪ ራውት ለጠየቅከው ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ ለአንድ ዕቃ ራውት (የገጹ አድራሻ) «/ካታጎሪስ/3/ፕሮዳክትስ/15 ይሻላል ወይስ ዝም ብዬ /ፕሮዳክትስ/15 ላድርገው» ላልከው፣ ሁለተኛው ነው፣ በቃ። የኦንላይን ሱቅ እንደሆነ ገምቻለሁ፣ ባለቤቱም ካታጎሪ ሲቀያይር እንደሚውል አልጠራጠርም፣ ሁሉም እንደዛ ናቸው።

1. ዕቃው የራሱ አይዲ (መለያ ቁጥር፣ እዚህ 15) ካለው አድራሻውም የራሱ ይሁን። ካታጎሪ መደርደሪያ ነው፣ ነገ ይነሳል። ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ራሱ ገና በ1998 እ.ኤ.አ. ነው ዩአርኤል ውስጥ ምድብ አታስገቡ ብሎ የጻፈው። ደሞ አንዱ ዕቃ ሁለት ካታጎሪ ውስጥ ሲገባ ሁለት አድራሻ ልትሰጠው ነው?

2. ዝርዝር ስታወጣ /ፕሮዳክትስ ላይ ካታጎሪውን በኳሪ ፓራሜትር (አድራሻው ላይ ከ? በኋላ በሚጨመረው) አጣራ፣ ዋጋውም ብራንዱም እዛው ይጨመራል። /ካታጎሪስ/3/ፕሮዳክትስ ለዝርዝር ብቻ ከሆነ ግን አልጣላህም።

3. ኔስት (አንዱን መንገድ በሌላው ውስጥ መክተት) አታብዛ፣ የሬይልስ (የዌብ ፍሬምወርክ ነው) ጋይድ እንኳን ከአንድ ደረጃ በላይ አትግቡ ይላል፣ እኛ ጋ ግን ዲፓርትመንት፣ ካታጎሪ፣ ሰብ ካታጎሪ፣ ከዛ ነው ዕቃው። የወሰነው ቲም ሊዳችን ነው። ይሄ ነገር ያስለቅሰናል ብዬ የቲሙ ግሩፕ ላይ ጽፌያለሁ፣ ሜሴጁ እስካሁን አለ፣ መልሱ «አንተ ራውትህን ሥራ፣ አርክቴክቸሩን ለኛ ተወው» ነበር፣ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። ፋሲካ ሲደርስ የሱቁ ባለቤት ነጠላና ቀሚሶቹን ከሴቶች ልብስ አውጥታ «የባህል ልብስ» የሚል አዲስ ካታጎሪ ውስጥ ከተተቻቸው፣ መብቷ ነው፣ አድሚን ፓነሉ ላይ ድሮፕዳውኑን የሰጠናት እኛው ነን። ቴሌግራም ቻናሏ ላይ የለጠፈችው ሊንክ ሁሉ ወዲያው 404፣ ገጹ የለም! እሷ ትደውላለች፣ ሊዱ አያነሳም፣ እኔ አነሳለሁ፣ ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ከዛ ሊዱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ከአሮጌው መንገድ ወደ አዲሱ 301 ሪዳይሬክት (የከፈተውን ወደ ሌላ አድራሻ ማዞሪያ)። እሷ ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ግማሾቹን መለሰቻቸው፣ እሱም ሪዳይሬክቱን ገለበጠው። 301 እኮ ቋሚ ማለት ነው፣ ብራውዘሩ ካሽ አድርጎ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሊንኩን ቀድሞ የከፈተ ሰው ስልኩ ወደ አዲሱ ይወስደዋል፣ ሰርቨሩ ወደ ድሮው ይመልሰዋል፣ እንዲህ ሲላጋ ቆይቶ ሪዳይሬክት በዛ የሚል ኤረር። ቢሮ ስንከፍተው ደሞ ይሠራል፣ የድሮው ካሽ በሌለበት ኢንኮግኒቶ ላይ ነዋ የሚሞክረው! «ደንበኞቿ ኔትወርክ የላቸውም» ብሎ ዘጋው።

ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነኝ ብሎ ከተሰወረ በኋላ። ዕቃውን ሁሉ /ፕሮዳክትስ/አይዲ አደረግኩት፣ ከድሮዎቹ ረጃጅም መንገዶች መጨረሻ ላይ ያለውን አይዲ ብቻ አንብቤ ወደዛ 301። አይዲ አይቀየርም፣ ሉፕ የለም። ምስጋናውን ማን እንደወሰደ አትጠይቀኝ።

ኔስት የሚያምርበት /ኦርደርስ/7/አይተምስ ዓይነቱ ላይ ነው፣ ትዕዛዙ ከሌለ ዝርዝሩም የለማ። የላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ሰው ከሆንክ ሻሎው የሚለውን ኦፕሽን እየው፣ ዝርዝሩን ኔስት አድርጎ ለአንዱ ዕቃ አጭር መንገድ ይሰጣል። ስለጉን (ሊንኩ ውስጥ የሚገባውን ስም) ደግሞ በአማርኛ ፊደል እንዳታደርገው፣ ሊንኩ ኢንኮድ ሲሆን አንዷ ፊደል 9 ካራክተር ትሆናለች፣ «ጫማ» ብቻዋን 18፣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈው ቫይረስ ነው ብለው አይነኩትም።